ጥያቄ አለኝ፦ ብስክሌትና ቻክራ ዘመድ ናቸው እንዴ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚገርም ነው ሁሉም አንድ ሰፈር ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ላይ ነው የማስተናግዳቸው። አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሜሮን ነኝ። ዮጋ ክላስ ጀምሬ አስተማሪያችን ቻክራ ማለት በሳንስክሪት ጎማ ማለት ነው ስትለን አንዷ ልጅ «እንግሊዝኛው ዊል ራሱ ከሱ ነው የመጣው፣ ሳይክልም እንደዛው» አለች። ዊል እና ቻክራ አንድ እንኳን የሚመሳሰል ድምጽ የላቸውም እኮ! ዝም ብሎ የሚወራ ነው ወይስ እውነት አለው?

መልስ፦ ሜሮንዬ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ናት። ዝምድናው እውነት ነው፣ «ከሱ ነው የመጣው» የሚለው ግን አይደለም። ዊል የቻክራ ልጅ አይደለም፣ ሁለቱ እህትማማች ናቸው፣ እናታቸው ደግሞ ማንም ጽፎት በማያውቅ ቋንቋ ውስጥ የነበረች ቃል ናት። ያንን ቋንቋ ፕሮቶ ኢንዶ ዩሮፒያን ይሉታል፣ ስሙን ያወጡለት ምሁራን ናቸው፣ ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር የሚነግረን ነገር የለም። ሳንስክሪት፣ ግሪክ፣ ላቲን፣ ፋርስኛ፣ አርመንኛ፣ ሩሲያኛ፣ እንግሊዝኛ ሁሉ ከሱ ነው የተከፋፈሉት። ካልካታ ላይ ዳኛ የነበረው ዊሊያም ጆንስ በ1786 ባደረገው ንግግር ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን እንዲህ የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፣ ምናልባት ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው አለ፣ ከዛ ወዲህ ያለው ስራ ያንን ምንጭ ከልጆቹ ተነስቶ መልሶ መገጣጠም ነው በይው።

ለጎማ የተገጣጠመው ቃል *ኴኵሎስ ነው። ፊቱ ላይ ያለችው ኮከብ «ይሄ ተጽፎ አልተገኘም፣ በስሌት ነው የደረስንበት» ማለት ናት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ፈረንጆቹ ይሄን ቃል ለመጻፍ ኬ ላይ ትንሽዬ ደብሊው ከፍ አድርገው ይሰቅላሉ፣ ኰ እና ኴ እና ኵ የሚባል ፊደል የላቸውማ። እኛ አለን። ቋንቋ፣ ኳስ፣ ጓደኛ እያለ ላደገ ሰው ኴ ለማለት አስተማሪ አያስፈልገውም።

እሺ፣ *ኴኵሎስ እንዴት አድርጎ ቻክራ ሆነ? ቃሉ ውስጥ የኰ ድምጽ ሁለቴ አለ፣ የመጀመሪያውን የሚከተለው ኤ ነው፣ ሁለተኛውን የሚከተለው ል ነው፣ ይቺን ያዥልኝ። ሳንስክሪትና ፋርስኛ ባሉበት ቅርንጫፍ መጀመሪያ የከንፈር ማሞጥሞጡ ቀረና ኰ ተራ ክ ሆነ፣ ቃሉ ኬክሎስ መሰለ። ቀጥሎ ክ ከኋላው ኤ ወይ ኢ ሲመጣበት ወደ ች ዞረ። ይሄ ለኛ ምንም አዲስ አይደለም፣ «ክፈት» ለሴት ሲሆን «ክፈቺ»፣ «ውሰድ» ደግሞ «ውሰጂ» የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ምላስ ኢን ለማለት ስትዘጋጅ ቀድማ ላንቃ ጋ ትደርሳለች። ግእዝ «ቤትኪ» ያለውን አማርኛ «ቤትሽ» ማለቱም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ክ ግን የሚከተለው ል ስለሆነ ማንም አልነካውም፣ እዛው ክ ሆኖ ቀረ። ከዛ ኤ በሙሉ አ ሆነ፣ ል ደግሞ ር፣ ይኸው ቻክራ። አየሽ፣ አንድ አይነት የነበሩ ሁለት ድምጾች አንዱ ች አንዱ ክ ሆኑ፣ ለምን ቢባል ጎረቤታቸው ስለተለያየ። እንደውም ቻ ላይ ያለው አ ድሮ ኤ እንደነበረ የሚመሰክረው ራሱ ች ነው፣ ከመጀመሪያውም አ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዮጋ ክላስሽ ላይ ካክራ ነበር የሚሉሽ።

ወደ ዊል ስንመጣ ነገሩ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስዊድንኛ ያሉበት ቅርንጫፍ ላይ የድሮዎቹ ፕ፣ ት፣ ክ በጅምላ ተቀያየሩ፣ ፕ ወደ ፍ ሄደ፣ ክ ወደ ህ፣ ኰ ደግሞ ወደ ኈ። ይሄን በ1822 አደራጅቶ የጻፈው ያዕቆብ ግሪም ነው፣ አዎ ተረት የሰበሰቡት ወንድማማቾች ታላቁ፣ ስለዚህ የግሪም ህግ ይባላል። ላቲን ቀንድን ኮርኑ ሲል እንግሊዝኛ ሆርን ይላል፣ ላቲን ውሻን ካኒስ ሲል እንግሊዝኛ ሃውንድ አለው፣ መቶ ኬንቱም ነው ሀንድረድ። ክ እና ህ፣ ክ እና ህ፣ ክ እና ህ። እኛም ጋ ትንሽ እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ ግእዝ ኮነ ሲል አማርኛ ሆነ፣ ኵሉ ሁሉ፣ ክልኤቱ ሁለት። ልዩነቱ እኛ ጋ ክንፍም ክብርም ክ እንደሆኑ ቀርተዋል፣ እዛኛው ቅርንጫፍ ላይ ግን ከስ ኋላ የተጠጋውንና እንዲህ ያሉ ጥቂት ቦታዎችን ትቶ ሁሉንም ጠራርጎ ነው የሄደው።

በዚህ ህግ የ*ኴኵሎስ አጀማመር ኈ ይሆናል ማለት ነው፣ የድሮው እንግሊዝኛ ደግሞ በትክክል ህዌኦል ይላል። ዛሬ ዊል ሲጻፍ ዝም ያለች ኤች ያለችው ለዛ ነው፣ ድሮ ትጠራ ነበር፣ አንዳንድ የስኮትላንድና የአየርላንድ ተናጋሪዎች ዛሬም ይጠሯታል። ያቺው ኤች ዋት፣ ዌን፣ ዌር ላይ አለች አይደል? እነዛም የኰ ልጆች ናቸው፣ ላቲን ማን ለማለት ኲስ ይላል፣ ሳንስክሪት ካስ፣ ሊቱዌንኛም ካስ።

አሁን ደግሞ የምወደው ክፍል። የድሮ እንግሊዝኛ ጽሁፎች ላይ ቃሉ ህዌኦል ብቻ አይደለም፣ ህዌኦጎል የሚልም አለ። ግ ከየት መጣ? በግሪም ህግ ህ ነው መሆን ያለበት። እንዲህ አይነት አስቸጋሪ ቃላት ብዙ ነበሩና ሰው ሁሉ «በቃ ህጉ የማይሰራበት ነው» እያለ ያልፋቸው ነበር፣ ካርል ቬርነር የሚባል የዴንማርክ ሰው በ1870ዎቹ ላይ ሳንስክሪት መጽሀፍ ገልጦ የድምጽ ጫናው የቱ ላይ እንደሚያርፍ እስኪያይ ድረስ። በሳንስክሪት የተጻፉት የህንድ ጥንታዊ ቅዱስ መዝሙሮች፣ ቬዳ የሚባሉት፣ ጫናን በምልክት ይጽፋሉ፣ ቻክራ ላይ ጫናው መጨረሻው ላይ ነው። ቬርነር ያየው ምንድነው፣ ጫናው ከድምጹ በፊት ካለ ህ ይቀራል፣ ከድምጹ በኋላ ከሆነ ግን ወደ ግ ይለዝባል። ህንድ ውስጥ የተጠበቀ አክሰንት እንግሊዝ አገር የተጻፈን ግ አስረዳ፣ እንግሊዝኛ ራሱ ያንን አክሰንት ከረሳው በኋላ። እኔ ይሄን ያህል የሚያሳምን ነገር አላውቅም።

ግሪክ ጋ ቃሉ ኩክሎስ ነው፣ የመጀመሪያው ኰ ማሞጥሞጡን ለአናባቢው አስረክቦ ኤን ኡ አደረገው። ሳይክል፣ ሳይክሎን፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ያለው ሳይክ በሙሉ የሱ ነው። ቻይና ምዕራብ በረሃ ውስጥ በተገኙ የቶካሪያን ጽሁፎች ላይ ኮካሌ ይላል፣ ትርጉሙ ጎማ መሆኑ ቀርቶ ሰረገላ ሆኗል። ሊቱዌንኛ ደግሞ ካክላስ አለው፣ ማለት አንገት! የሚዞር ነገር ነዋ። ሩሲያኛ ኮሌሶ የሚለው ድግግሞሽ የሌለው የዛው ስር ልጅ ነው፣ ፋርስኛ ክና ርን አገላብጦ ቻርክ አለው፣ ከዛ የህንዱ የጥጥ መፍተያ ቻርካ ወጣ።

የቃሉ ስር *ኴል ነው፣ መዞር ማለት፣ እና እሱ ደግሞ ሌላ ብዙ ነገር ወልዷል። ላቲን ላይ ኮሌሬ ሆነ፣ አንድ ቦታ ዞር ዞር እያሉ መኖር፣ መንከባከብ፣ ማረስ፣ እንደውም አምልኮም ድረስ ሄዷል፣ ካልቸር እና ኮሎኒ ከሱ ናቸው። ሮማውያን ራይን ወንዝ ላይ የቆረቆሯትን ከተማ ኮሎኒያ አሏት፣ ጀርመኖች ኮልን ፈረንሳዮች ኮሎኝ ይሏታል፣ ኮሎኝ የምትቀቢው ሽቶ ስሙን ያገኘው ከከተማዋ ነው። ላቲን አንገትን ኮሉም ይለዋል፣ እሱንም ብዙዎቹ ከዚሁ ስር ያስገቡታል፣ ልክ እንደ ሊቱዌንኛው፣ ከሱ ጣልያንኛ ኮሎ፣ ከሱ ኮሌቶ፣ ከሱ የሸሚዝሽ ኮሌታ። ኖርዝ ፖል የሚባለው ፖልም ግሪኩ ፖሎስ ነው፣ ሰማይ የሚዞርበት ዘንግ። (የመብራት ፖል ግን ሌላ ነው፣ እሱ ላቲን ፓሉስ ማለትም እንጨት ከሚለው ነው፣ እንዳትቀላቅይው።)

ብስክሌትም እንግዲህ ያው ነው፣ ፈረንሳይኛው ቢሲክሌት ጣልያንኛው ቢቺክሌታ ነው፣ ቢ ሁለት፣ ክሌት ላይ የተረፈችው ኩክሎስ። ስለዚህ ለጓደኛሽ የምትነግሪያት፣ እንግሊዝኛ ይሄን አንድ ቃል በሶስት በር ነው ያስገባው፣ ዊልን ከእናቱ ወርሶ፣ ሳይክልን ከግሪክ ተበድሮ፣ ቻክራን ከሳንስክሪት ተበድሮ። የወረሰውን ከተበደረው የምንለየው በድምጹ ነው፣ የግሪም ህግ ያለፈበት ዊል ብቻ ነው፣ ሳይክል ከዛ ሁሉ በኋላ ስለመጣ ክው አልተነካም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የግእዝ መምህር ነኝ። ይህ ኢንዶ ዩሮፒያን የሚባለው ቃል ከእኛ መንኰራኵር ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ኰራኵር እና ኴኵል! ምሁራኑ ይህን አላዩትም ማለት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ምንጩ ወዲህ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳይ ፈገግ አልኩ፣ ምክንያቱም እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነበር። መመሳሰሉን ማን ይክዳል፣ ግን መመሳሰል ብቻውን እዚህ ሙያ ላይ ምንም አይገዛም፣ ቅድም እንዳየነው ቻክራና ዊል ምንም ሳይመሳሰሉ ዘመድ ናቸው። የላቲን ሃቤሬ እና የእንግሊዝኛ ሃቭ ደግሞ ትርጉማቸውም መያዝ ነው፣ ድምጻቸውም አንድ ነው፣ ግን ዘመድ አይደሉም። ለምን ቢሉኝ የእንግሊዝኛ ህ ከላቲን ክ ጋር ነው መግጠም ያለበት፣ ስለዚህ የሃቭ ትክክለኛ ዘመድ ላቲን ካፔሬ ነው፣ መያዝ መጨበጥ የሚለው። የፋርስኛ ባድ እና የእንግሊዝኛ ባድ ሁለቱም መጥፎ ማለት ናቸው፣ እሱም አጋጣሚ ነው።

መንኰራኵርን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ አንኰርኰረ ከሚለው ግስ ነው የሚወጣው፣ ፊቱ ላይ ያለችው መ ደግሞ እንደ መፍትሕ የመሳሪያ መ ናት። ማለትም ቃሉ እዛው ቤቱ ውስጥ መልስ አለው፣ ከውጪ የሚያስፈልገው ነገር የለም። መንከባለልን፣ መሽከርከርን፣ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴን በድግግሞሽ ስር መግለጽ ደግሞ የሴም ቋንቋዎች የዘወትር ጸባይ ነው፣ እብራይስጥ ጎማን ጋልጋል ይለዋል ገለል ከሚል መንከባለል፣ አማርኛም ተሽከረከረ ሲል ከርከር እያለ ነው፣ መንገድ ላይ የምናየው ተሽከርካሪ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይሄ ድግግሞሽ አለ። የሚዞር ነገር ስሙም ይዞራል መሰለኝ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች በየራሳቸው እዚህ ሀሳብ ላይ ቢደርሱ አይገርምም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ይሄ ነው፣ ዝምድና ካለ አንድ ቃል ላይ ብቻ አይታይም። ኰ ከኰ ይገጥማል ካልን ሌሎቹም የኰ ቃላት መግጠም አለባቸው። አምስት *ፔንኴ ነው፣ ሳንስክሪት ፓንቻ (ያው ኴ ቻ ሆነ፣ እንደ ቻክራ)፣ ግሪክ ፔንቴ፣ ላቲን ኲንኴ። ግእዝ ደግሞ ኀምስቱ። ማን የሚለው *ኲስ ነው፣ ግእዝ መኑ። የትም አንገናኝም ጋሼ።

ተውሶ ሊሆን አይችልም ወይ ካሉኝ፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ የከበደም ነው። ጎማ ፈጠራ ነው፣ ፈጠራ ሲሄድ ስሙን ይዞ ይሄዳል። ሱመርኛ ሰረገላን ጊጊር ይላል፣ ጋምክረሊድዜ እና ኢቫኖቭ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ1984 ባሳተሙት ትልቅ ስራ እነዚህን የሱመር፣ የሴምና የኢንዶ ዩሮፒያን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጠው በጥንት ንግድና ጉርብትና ተያይዘው ሊሆን ይችላል ብለዋል። እኔ እስካሁን አላሳመነኝም፣ ምክንያቱም በሁሉም ቤት ቃሉ ከገዛ ስሩ በደንብ ይተነተናል፣ የተዋስነው ቃል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይተነተንም፣ ብስክሌትን በአማርኛ ስር ተንትኑ ቢባል ማን ይችላል።

ጥያቄ፦ ናቲ ነኝ። ማንም ያልጻፈውን፣ ማንም ያልቀዳውን ቋንቋ «እንዲህ ይሉ ነበር» ማለት ትንሽ ድፍረት አይደለም? ከፈጠራ በምን ይለያል?

መልስ፦ ናቲ፣ ጥሩ ጥርጣሬ ነው፣ መጠርጠርህን አትተው። ድፍረቱ ደግሞ አንዳንዴ ልኩን ያልፍ ነበር፣ ኦገስት ሽላይኸር የሚባል ጀርመናዊ በ1868 በዚህ በተገጣጠመ ቋንቋ ስለ በግና ፈረሶች ተረት ሁሉ ጽፎበታል። አርእስቱ «አቪስ አክቫሳስ ካ» ነው፣ በግ እና ፈረሶች፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ካ «እና» ናት። ሽላይኸር ሳንስክሪት ላይ በጣም ስለተማመነ አናባቢውን በብዛት አ አ አ አደረገው። ከእሱ ሞት በኋላ ባሉ አመታት ግን ቅድም ለሜሮን ያልኩት የች ነገር ተገኘ፣ ሳንስክሪት «እና»ን ቻ ነው የሚለው፣ ካ አይደለም፣ ች ካለ ድሮ ኤ ነበረ ማለት ነው፣ ግሪክ ቴ ላቲን ኴ ሲሉም ኤ ነው ያላቸው። ስለዚህ ዛሬ *ኴ ነው የሚጻፈው፣ ተረቱም ባዲሱ እውቀት ስንት ጊዜ እንደገና ተጽፏል። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ማን ያርመው ነበር? እዚህ ግን መረጃው ራሱ ያርምሃል።

ግን ዋናውን ልንገርህ፣ ትንበያ ተተንብዮ የተያዘበትን። ግሪክ ውስጥ ኰ የሚባል ድምጽ የለም፣ በጥንቱ ገጣሚ በሆሜር ጊዜ እንኳን ጠፍቷል፣ ኦ ወይ አ ከተከተለው ፕ፣ ኤ ወይ ኢ ከተከተለው ት፣ ኡ አጠገቡ ካለ ክ ሆኖ ተበታትኗል። አጋሰስ የመሰለ ህግ ነው አይደል፣ አንድ ድምጽ ሶስት ቦታ ሲሰነጠቅ። የቋንቋ ሰዎች ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው «የነዚህ ሁሉ አባት አንድ ኰ ነው፣ ግሪክም ድሮ ነበረው» ያሉት፣ በወረቀት ላይ ብቻ፣ ምንም ምስክር ሳይኖር።

ከዛ ማይክል ቬንትሪስ የሚባል አርክቴክት (አዎ አርክቴክት፣ የቋንቋ ፕሮፌሰር አይደለም) በ1952 ሊኒየር ቢ የሚባለውን ጽህፈት ፈታው፣ ክኖሶስና ፒሎስ በሚባሉ የግሪክ ጥንታዊ ፍርስራሾች ላይ በተገኙ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ያለውን፣ ቋንቋውም ከሆሜር በብዙ መቶ አመት የሚቀድም ግሪክ ሆኖ ተገኘ። ጽህፈቱ ልክ እንደኛ ፊደል ነው፣ አንድ ምልክት አንድ ተነባቢና አናባቢ አብሮ ይይዛል፣ እና ከምልክቶቹ መሃል ፕም ትም ክም ያልሆነ ለብቻው የቆመ አንድ ዘር አለ። ኰ ናት። የት የት እንደተጻፈች ሲታይ ምሁራኑ «እዚህ ኰ ነበረ» ካሉበት ቦታ ላይ ነው።

አንዷን ቀረብ አድርገን እንያት። ሆሜር ላይ የእመቤት አገልጋይ አምፊፖሎስ ትባላለች፣ አምፊ ዙሪያ ነው፣ ፖሎስ ደግሞ ያው የምናውቀው *ኴል፣ የሚዞር፣ ዙሪያዋን የምትዞር ማለት ነው። እዚህ ጋ ኰ ከኋላው ኦ ስላለ ፕ ሆኗል። ሰሌዳው ላይ ታዲያ ምን ይላል፣ ኣ-ፒ-ኰ-ሮ። (ጽህፈቱ ልና ርን አይለይም፣ ከፕ በፊት ያለችውንም ም አይጽፍም፣ ስለዚህ አምፊኰሎ ብለህ አንብበው።) ላቲን ላይ ደግሞ ይሄው ቃል አንኩሉስ፣ ለሴት አንኪላ ሆኖ አለ፣ አገልጋይ ማለት፣ እና እዛም ፕ ሳይሆን ክ ነው ያለው። አምፊፖሎስና አንኪላ አንድ ናቸው ብሎ የተከራከረ ሰው ከ1952 በፊት በህግ ብቻ ነበር የሚከራከረው፣ ከዛ በኋላ ከሶስት ሺህ አመት በላይ በቆየ ጭቃ ላይ ኰ ተጽፋለት አገኛት።

ይሄን ሁሉ ብዬህ ግን *ኴኵሎስን ልክ እንደዚህ ብለው ይጠሩት ነበር ብዬ አልምልልህም። ኮከቧ ያለችው ለዛ ነው። እርግጠኛ የምንሆነው እዛ ቦታ ላይ እነዚህን ሁሉ ልጆች ሊወልድ የሚችል አንድ ድምጽ እንደነበረ ነው፣ የድምጹ ትክክለኛ ቃና ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጎማ የሚል ቃል ከነበራቸው ጎማ ነበራቸው ማለት ነው። ታዲያ ይሄ መቼና የት እንደኖሩ አይነግረንም? ቤቲ ነኝ።

መልስ፦ ቤቲ፣ ይነግረናል፣ ክርክሩም በዚህ ላይ ነው የጦፈው። በአርኪዮሎጂ በኩል ጎማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 ግድም በፊት ብዙም አይታይም፣ ፖላንድ ብሮኖቺትሴ ላይ የተገኘው ባለ አራት ጎማ ጋሪ የተሳለበት ማሰሮ በዛው ዘመን ነው፣ ስሎቬንያ ውስጥ ሉብሊያና አጠገብ ረግረግ ውስጥ በ2002 የተገኘው የእንጨት ጎማ ደግሞ ከ5000 አመት በላይ ቆይቷል፣ ዘንጉም (አክስል የሚሉት) አብሮ ተገኝቷል። አርኪዮሎጂስቱ ኮሊን ሬንፍሩ በ1987 ቋንቋው ከእርሻ ጋር ከአናቶሊያ (ከዛሬዋ ቱርክ) የዛሬ 9000 አመት ገደማ ጀምሮ ነው የተሰራጨው ብሎ ነበር፣ እንግዲህ እንደዛ ከሆነ ቋንቋው ጎማ ከመፈጠሩ ብዙ ሺህ አመት በፊት ተበታትኗል፣ *ኴኵሎስ ታዲያ እንዴት በብዙዎቹ ልጆች ቤት ተገኘ?

«እያንዳንዳቸው በኋላ መዞር ከሚለው ቃል ፈጥረውት ይሆናል» የሚሉ አሉ። እኔ የማይዋጥልኝ እዚህ ጋ ነው። ቃሉ ዝም ብሎ «ዟሪ» ቢሆን እሺ፣ ግን የስሩ የመጀመሪያ ተነባቢ ተደግሞ፣ መሃል ላይ ኤ ገብታ፣ ስሩ ራሱ አናባቢውን ጥሎ ነው የተሰራው፣ ስም ለመስራት እንግዳ የሆነ አሰራር ነው። ግሪክ፣ ህንድ፣ እንግሊዝና ቻይና በረሃ ያሉ ሰዎች ተለያይተው ሳለ ሁሉም ይቺኑ እንግዳ ቅርጽ መረጡ ማለት ይከብዳል። የጎማ ዘንግ የሚለው ቃልም አብሮ አለ፣ ላቲን አክሲስ ሳንስክሪት አክሻ፣ ቀንበርም አለ፣ ላቲን ዩጉም ሳንስክሪት ዩጋም እንግሊዝኛ ዮክ። ዴቪድ አንተኒ እና ዶን ሪንጅ በ2015 ይሄን ሁሉ ሰብስበው መነሻው ከጥቁር ባህር ሰሜን ያለው የሳር ሜዳ ነው ብለው ተከራክረዋል፣ በዛው አመት የወጡ የጥንት ዲኤንኤ ጥናቶችም ከዛ አካባቢ ወደ አውሮፓ ትልቅ የህዝብ ፍልሰት እንደነበረ አሳይተዋል፣ አጥንት የትኛውን ቋንቋ ይናገር እንደነበር ባይናገርም።

አንድ የሚያስቸግር ዘመድ አለ፣ ሂታይት፣ በጥንት ጊዜ አናቶሊያ ውስጥ ይነገር የነበረ ቋንቋ። ቀንበርን ዩካን ይላል፣ እሱ ልክ ነው፣ ጎማን ግን ሁርኪ ነው የሚለው፣ *ኴኵሎስ እዛ ቤት የለም። ለዚህ ነው ብዙዎች የሂታይት ቅርንጫፍ ከሁሉም ቀድሞ ጎማ ሳይመጣ ወጥቷል የሚሉት። ያሳምነኛል፣ ግን ሁርኪ ራሱ ቶካሪያን ውስጥ ዘመድ ስላለው ነገሩ ያን ያህል ጥርት ያለ አይደለም።

ጥያቄ፦ አጭር ነው፣ ሰርክል እና ሰርከስም የሳይክል ቤተሰብ ናቸው አይደል? ክብ ናቸው፣ ድምጹም ያው ነው።

መልስ፦ አይደሉም። ሰርከስ ላቲን ኪርኩስ ነው፣ ከግሪክ ኪርኮስ ማለትም ቀለበት ከሚለው ጋር የሚሄድ፣ ሰርክል ደግሞ የሱ ማሳነሻ ነው። እዚህ ያለው ክ ከመጀመሪያውም ተራ ክ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ር ነው፣ ኰም የለ ልም የለ። ሳይክልና ሰርክል ዛሬ ሁለቱም በስ የሚጀምሩት ፈረንሳይኛ ክን ኢ ፊት ሲያገኘው ስ ስለሚያደርገው ነው፣ የተመሳሰሉት እዛ ጋ ሲደርሱ ነው።